አልወፍር ያለው ገንፎ

ስለ ቁርስ እኔን የሚያህል አዋቂ ላሊበላ ውስጥ አልነበረም። ይህን የምለው በትዕቢት አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ። አራተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ስለነበር የምግብ ዓይነቶችን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ በገዛ እጄ ስዬ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ሰቅዬዋለሁ። ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ። እንቁላሉ ሲሳል ትንሽ ስላመለጠኝ ተማሪዎቹ ድንች ነው ይሉታል እንጂ ሌላው ምንም አይወጣለትም። በየዓመቱ እዚያ ሰንጠረዥ ሥር ቆሜ፣ ቁርስ ቶሎ የሚደርስና ሰውነት የሚገነባ መሆን እንዳለበት በዱላ እየጠቆምኩ አስተምር ነበር። መምህሩ ራሱ ጠዋት ምን በልቶ እንደመጣ የጠየቀ ተማሪ አለመኖሩ የእግዜር ቸርነት ነው። የምበላው ሻይ ነበር። ደህና ቀን ሲሆን ሻይ በዳቦ።

ሰርካለምን ካገባሁ በኋላ ነገሩ ተሻሻለ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ፍርፍር ቀርቦ አገኛለሁ። ፍርፍር እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቅኩም። ፀሐይም በየቀኑ ትወጣለች፤ እንዴት ወጣሽ ብያት አላውቅም። እርግጥ ፀሐይን ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ አስተምራለሁ፤ ፍርፍር ግን መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።

ይህ ሁሉ እውቀቴ ተፈትኖ የወደቀው በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ከሥሩ ልጀምር። እንደ አገራችን ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው ከሴቷ ወላጆች ቤት ነው። የሰርካለም እናት እማማ ድንቄ ኩልመስክ ላይ ሁሉን አሰናድተው ይጠብቁ ነበር። ቅቤው ተነጥሯል፣ ማሩ ተቀምጧል፣ አልጋው ሳይቀር ተነጥፏል። እኛ ደግሞ ገና ነው፣ የሚቀጥለው ወር እንሄዳለን እያልን ስንዘናጋ ልጂቱ ቀደመችንና እዚሁ ላሊበላ ተወለደች። ሴት ናት። ደህና ናት። አፍንጫዋ የኔ ነው፤ ሌላው እግዚአብሔር ይመስገን የእናቷ ነው።

እማማ ድንቄ ደስ አላቸው፤ ቅርም አላቸው። ያኔ ተንቀሳቃሽ ስልክ በየኪሱ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበርና ከወንድማቸው ስልክ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ስልክ ባይኖርም ከኩልመስክ ላሊበላ የሚሰማ ነበር። ደህና ሲሆኑ አንተ ነው የሚሉኝ፤ ቅር ሲላቸው አንቱ ይሉኛል።

"አንቱ መምህር" አሉ። "ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ልጄን ደህና ቁርስ በልታ ካገኘኋት እሰየው። ጦሟን ካገኘኋት ግን በመጣሁበት መኪና ይዣት እመለሳለሁ። ሰማንያዋን ኩልመስክ ትጨርሳለች።"

ሰማንያ ያሉት ቀን ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ሚስቴም ልጄም ኩልመስክ ሊቀመጡ ማለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ልጂቱን ካወቅኋት ገና ሳምንት አልሞላም፤ ግን ስታስነጥስ የያዝኩትን ሁሉ አስቀምጬ ሄጄ አያታለሁ። ቤቱ ያለ እነሱ ምን እንደሚመስል አሰብኩት። እኔ፣ ሻይ፣ አልጋውና ግድግዳው።

በዚያ ዘመን ግምገማ ያልቀመሰ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። እኔም ብዙ ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። ሂስ ሲሰጠኝ ተቀብያለሁ፣ ግለ ሂስ አድርግ ስባል አድርጌያለሁ፣ ወደፊት አሻሽላለሁ ብዬ ከሻይ ቤት ጓደኞቼ ጋር ተቀላቅያለሁ። የእማማ ድንቄ ግምገማ ግን እንደዚያ አይደለም። እሳቸው ዘንድ ወደፊት አሻሽላለሁ የሚባል ነገር የለም። ያየ ዓይናቸው ይፈርዳል፣ መኪናው ደጅ ይጠብቃል።

እስከዚያ ቀን ድረስ የአራሷን ቁርስ የምትሠራልን ጎረቤታችን እታለም ወርቄ ነበረች። ማለዳ ትመጣለች፣ ጓዳ ትገባለች፣ ትንሽ ቆይታ በገበቴ ገንፎ ይዛ ትወጣለች። ገንፎዋ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ የያዘ ነው። ሲበሉት ይሞቃል፣ ከበሉት በኋላ ያቆማል። ቅዳሜ ግን የላሊበላ ገበያ ነው፤ እታለም ወርቄ ሽንኩርቷን ይዛ ማልዳ መውጣት አለባት። ከመሄዷ በፊት ሠርታ ልትሄድ ፈለገች። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እማማ ድንቄ ሲደርሱ ገንፎው ቀዝቅዞ ሊደርቅ ነው። እኔ የፈለግኩት እሳቸው እግራቸውን ሲያስገቡ እንፋሎቱ ሲወጣ እንዲያዩ ነው።

"እኔው እሠራዋለሁ" አልኳት።

እታለም ወርቄ ሽንኩርቷን መሬት አስቀምጣ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ዱቄቱ ከጓዳው በር ኋላ እንዳለ ነገረችኝ። ቀጥላ "ውሃው ፈልቶ ሲንተከተክ" ብላ ልታስረዳኝ ስትጀምር "ገባኝ፣ ገባኝ" ብዬ አቋረጥኳት። እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪ ገባኝ ሲለኝ ቶሎ አላምነውም። ቆም አድርጌ እስቲ አስረዳን እለዋለሁ። ያን ጠዋት ግን እኔን የሚያቆመኝ አልነበረም። እታለም ወርቄ ሽንኩርቷን ተሸክማ እየሳቀች ሄደች።

መጀመሪያ እሳት። ስለ እሳት አስተምሬያለሁ፤ እሳት ለመንደድ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ተቀጣጣይ ነገር፣ አየርና ሙቀት። የኛ ማድቤት ያለው የባሕር ዛፍ እንጨት ግን እርጥብ ነበር፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ትምህርት አይገባውም። እፍ አልኩ። ደግሜ እፍ አልኩ። ጭሱ አንዴ ወደ ዓይኔ አንዴ ወደ አፌ ሲገባ ቆይቶ በመጨረሻ ትንሽ ነበልባል ታየች። እሷን ላለማስቀየም ቀስ ብዬ ድስቱን ጣድኩ።

ቀጥሎ ዱቄት። ከጓዳው በር ኋላ ስሄድ አንድ ሳይሆን ሁለት ከረጢት አገኘሁ። ሁለቱም ከኩልመስክ የመጡ፣ ሁለቱም ከአንድ አቡጀዴ የተሰፉ። አንደኛው ጎድሏል፣ አፉም ላላ ብሏል። ሌላው እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ሰርካለምን ልጠይቃት ወደ መጋረጃው ሄድኩ። ልጂቱን አቅፋ ተኝታለች። ሌሊቱን በልጂቱ ልቅሶ ስትነሣ ስትተኛ ነው ያደረችው፤ መቀስቀሱን ልቤ አላለውም። ስለዚህ በራሴ አሰብኩ። እንዲህም ስል አሰብኩ፤ አማቴ ከሩቅ የሚመጡ የክብር እንግዳ ናቸው፤ ለክብር እንግዳ የተጀመረ ነገር አይቀርብም። ሙሉውን ከረጢት ፈታሁት። ዱቄቱ ነጣ ያለ፣ ሽታው ጣፈጥ የሚል ነበር። ጥሩ ዱቄት ነው አልኩ።

ከዚያ ሳይንሱ መጣ። እታለም ወርቄ "ውሃው ፈልቶ" ስትል ሰምቻለሁ። ነገር ግን ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ ሲጨመር ይጓጉላል፤ ይህን ልጅ ሆኜ እናቴ ቤት አይቻለሁ። ታዲያ ለምን እንጠብቃለን? ለብ ባለው ውሃ ላይ ዱቄቱን ቀድሜ ብበጠብጠው፣ እሳቱም እንደሆነ ደካማ ነው፣ ቀስ እያለ ሲሞቅ ያለ አንድ እብጠት ለስልሶ ይበስላል። እስከዛሬ ሴቶቹ ይህን አለማሰባቸው ገረመኝ። በጠበጥኩ፣ አማሰልኩ። ገንፎው ወፈር ማለት ሲጀምር ደስታዬ ወሰን አጣ። ፈገግ ብዬ ማማሰያውን መሐል አቁሜ ለቀቅኩት። ማማሰያው ቆመ። ትንሽ ቆየና ዘመመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተኛ።

ገንፎው እየቀጠነ ነው።

ዱቄት ጨመርኩ። ወፈረ፣ ቆየና ቀጠነ። አሁንም ጨመርኩ። ጭራሽ ባሰበት። በሕይወቴ ብዙ ነገር ቀጥኖብኛል፤ ዱቄት ስጨምርበት የሚቀጥን ነገር ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዱቄት ስጨምር ድስቱ ሞላ፤ ወደ ትልቅ ድስት ገለበጥኩት። እሱም ሞላ፤ ከአልጋ ሥር ለማኅበር ብቻ የምናወጣውን ጎላ ድስት ጎትቼ አወጣሁ።

በዚህ መሐል ጌጡ መጣ። ጌጡ የስፖርት መምህር ነው፣ ወንደላጤ ነው፣ ከደጃችን ማዶ ተከራይቶ ይኖራል። ሽታው ጠርቶት ነው የመጣው። ሁኔታውን ስነግረው ድስቱን በጥሞና አየና ችግሩ የጉልበት ማነስ መሆኑን አስረዳኝ። ጃኬቱን አወለቀና ማማሰያውን ተቀበለኝ። ሰልፍ እንደሚያሠለጥን "ግራ፣ ቀኝ" እያለ ሲያዞረው አንድ ጭላፊ የፈላ ነገር ተፈናጥሮ እጄ ላይ አረፈ። ጮህኩ አልልም፤ አራስ ቤት ነውና ድምፄን ወደ ውስጥ ዋጥኩት። ሄደህ እታለም ወርቄን ከገበያ ጥራት ስለው ደግሞ ገበያው ሙሉ ሽንኩርት ሻጭ ነው፣ የቷን ነው የማገኘው አለኝ። እኔ ራሴ እንዳልሄድ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ከወንደላጤ ጋር ትቀመጥ ማለትም ነውር ነው። ስለዚህ ጌጡ እያዞረ እኔ ዱቄት እየጨመርኩ ቀጠልን።

"ርቦኛል" የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ መጣ። ሰርካለም ነቅታለች።

"ደርሷል" አልኩ። ደርሷል ስል እጄ ከረጢቱ ውስጥ ነበር። ጣቶቼ አቡጀዴውን ነኩ። ዱቄቱ አልቋል። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከመንገዱ ላይ የሚኒባስ ጡሩንባ ተሰማ።

እማማ ድንቄ ብቻቸውን አልመጡም። ወንድማቸው አያ በሪሁን አብረዋቸው ነበሩ፤ ከኩልመስክ ለገበያ የመጡ የዘመድ ሴቶችም አራስ ሳይጠይቁ አናልፍም ብለው ተከትለዋቸዋል። ቤታችን ጠባብ ናት፤ እልልታው ሲገባ ጣሪያውን ያነሣው መሰለኝ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያሉ ሰርካለምን ሳሙ፣ ልጂቱን አዩ፣ አፍንጫዋን አይተው ወደኔ ዞረው እኔን አዩ። እማማ ድንቄ በቅል የያዙትን ቅቤ አስቀመጡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የልጃቸውን ግንባር ዳሰሱ።

"ቁርስ በላሽ?" አሏት።

እኔ በማድቤቱ በር ቆሜያለሁ፤ ሰርካለም ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ጥላሸት ነው፣ እጄ ቀልቷል፣ ከኋላዬ ጌጡ ማማሰያ ይዞ ቆሟል። ሚስቴ ከዚያ የባሰ ነገር ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም።

"እያመጣልኝ ነው" አለች።

ስለዚህች አንዲት ቃል ብዬ ዛሬም ድረስ እወዳታለሁ።

ሌላ መንገድ ስላልነበረ ከጎላው ድስት በጭልፋ ቀድቼ በኩባያ ይዤ ገባሁ። ገንፎ በኩባያ ሲመጣ ሴቶቹ ተያዩ። እማማ ድንቄ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አጥሚት ነው አልኳቸው። ጌጡ ከኋላዬ ሆኖ የሚጠጣ ገንፎ እንደሆነ፣ አሁን አሁን አዲስ አበባ እንደዚህ እንደሚደረግ ጨመረ። ጌጡ አዲስ አበባን አያውቃትም።

ሰርካለም ተጎነጨች። አፏ ውስጥ ያዝ አደረገችና ዓይኗን ወደኔ አነሣች። ከዚያ ኩባያውን እስከ ሥሩ ጠጣችና ባዶውን መልሳ ዘረጋችልኝ። "ጨምርልኝ" አለች። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። አራስ ጠያቂ ደግሞ ሳይቀምስ አይወጣምና ለሁሉም ቀዳሁ። የሚገርመው ነገር ለሁሉም ደረሰ፤ የማኅበር ድስት መሆኑ ያን ጊዜ በጀን። ሴቶቹ ጣፋጭ ነው፣ ይሞቃል፣ ለአራስ ወተት ያወርዳል እያሉ ጠጡ። እኔም ቀስ በቀስ ሆን ብዬ የሠራሁት መሰለኝ። ሰንጠረዡ ትዝ አለኝ። ይህ ኃይል ሰጪ ነው ብዬ ላስረዳ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

አያ በሪሁን ግን ኩባያውን ቀድመው አሸተቱ። አንዴ ተጎነጩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው ተጎነጩ። አያ በሪሁን በኩልመስክ ጠላ አዋቂ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ሠርግ ሲደገስ ጋኑ ከመከፈቱ በፊት እሳቸው ይቀምሳሉ።

"ይኸ ጠላ ለመሆን ተነሥቶ መንገድ ላይ የቀረ ነገር ነው" አሉ።

እማማ ድንቄ ኩባያቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ወዲያው ተመለሱ፤ በእጃቸው ባዶውን ከረጢት በቂጡ ይዘውት ነበር። አራገፉት። ትንሽ ብናኝ ወረደች።

ብቅል ነው። ለክርስትናው ጠላ የተላከ ብቅል። እማማ ድንቄ ገብሱን በገዛ እጃቸው ዘፍዝፈው፣ አብቅለው፣ ክረምቱን ሁሉ ደመና ሲገለጥ እያሰጡ ሲዘንብ እያስገቡ አድርቀው፣ የላሊበላ ወፍጮ ያቃጥለዋል ብለው እዚያው አስፈጭተው፣ ልጂቱ እዚህ መወለዷን ሲሰሙ የላኩት ብቅል። የጎደለው ከረጢት የገንፎው ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት የብቅል ዱቄት ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ ቀስ እያለ ሲሞቅ መቅጠን ተፈጥሮው ነው፤ በጨመሩት ቁጥርም ይብስበታል። ለሰው ሁሉ ጠላ የሚሆነውን እኔ ለአንዲት አራስ ቁርስ አደረግኩት።

ጌጡ ማማሰያውን ከኋላው ደበቀ። እኔ ግለ ሂስ ላደርግ አፌን ስከፍት ከአልጋው ሳቅ ተሰማ። ሰርካለም ናት። ሆዷን ይዛ፣ እንዳይጎዳት እየተጠነቀቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ገና ያን ጊዜ መስማቴ ነው። "ሁሉንም ነው?" ትላለች፣ መልስ ሳትጠብቅ ደግሞ ትስቃለች። አያ በሪሁን ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሴቶቹም አልቻሉም።

እማማ ድንቄ አልሳቁም። ልጃቸውን ቆመው አዩ፣ ቆይተው ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

"እጅዎን ምን ነካዎ?"

"ገንፎው ነው" አልኳቸው።

ቅላቸውን ከፈቱ። ለገንፎው ያመጡትን ቅቤ በጣታቸው ቆንጥረው እጄን ይዘው ቀቡት። ሳይንስ መምህር ነኝና ለተቃጠለ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ ቅቤ እንደማይደረግ አውቃለሁ፤ ግን ያን ቀን ሳይንስን ወክዬ የምናገርበት ፊት አልነበረኝም። ቀብተው ሲጨርሱ እጄን አለቀቁትም።

"ልጄን ልወስዳት ነበር አመጣጤ" አሉ። "እሷን የምታደርስ በቅሎም ኩልመስክ መኪና መውረጃው ላይ ታስራ ትጠብቀን ብያለሁ። አሁን ግን ክርስትናው እዚህ ነው፣ ጠላውም እዚህ ነው። ብቅሉን እንደገና አበቅላለሁ። ካንተ ጋር አንድ ቤት ትቼው ግን አልሄድም። እሷም አትሄድም፣ እኔም አልሄድም። አንተም ገንፎ ትማራለህ።"

አንተ ነበር ያሉኝ። ደስታዬን መሸፈን አቅቶኝ ጉልበታቸውን ልስም አጎነበስኩ። ቀና ስል ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ቤታችን አንድ አልጋና አንድ መደብ ብቻ ነው ያላት። አልጋው የአራሷ ነው። መደቡ ደግሞ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእማማ ድንቄ ሆነ። እኔ ትራሴን ይዤ ማዶ ጌጡ ቤት ገባሁ። ጌጡ ያንኮራፋል፤ ሲያንኮራፋም ግራ ቀኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ የራሴን ቤት በር እንደ እንግዳ አንኳኳ ነበር። እማማ ድንቄ ማድቤቱ በር ላይ ዱካ አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ውሃው ሳይንተከተክ ዱቄት ብነካ ይሰሙኛል፤ እንዴት እንደሚሰሙ አላውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ገንፎዬ ጓጎለ፣ ቀጥሎ አረረ፣ ቀጥሎ እማማ ድንቄ ለዶሮ ስጠው ያሉበት ቀን ነበር። አንድ ጠዋት ግን ማማሰያውን መሐል አቁሜ ለቀቅኩት። ቆመ። ጠበቅኩት። ቆሞ ቀረ። እማማ ድንቄ ቅቤውን አቀበሉኝ። ጎድጎድ አድርጌ ጨምሬ ለሰርካለም ወሰድኩላት። ልጂቱ በብብቷ ሆና ታየኝ ነበር።

በብርዱ ምክንያት ብቅሉ ዘገየ፤ ሆኖም ለክርስትናው ደረሰ። ጋኑ ሲከፈት አያ በሪሁን ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ በሰው ሁሉ መሐል እኔን ፈልገው አገኙኝ። "ይኸኛው ከቤቱ ገብቷል" አሉ። ድፍን ማኅበርተኛ ለምን እንደሳቀ የማያውቁት ቄሱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቆይተው አወቁ።

እማማ ድንቄ ኩልመስክ ከተመለሱ ወዲህ ለበዓል ብቅል ሲልኩልን ከረጢቱ በገመድ አይታሰርም፤ አፉ ዙሪያውን በመርፌ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። የገንፎው ዱቄት ግን አፉ ላላ ብሎ ይመጣል፤ ሹፌሩም ሲያስረክብ ለሰርካለም አይሰጣትም። የመምህሩ ነው ተብያለሁ ይላል።